ስንጥቡን ገልጠሽ እዪ

ልጆቹ ሲተኙ፣ የባጃጁ ጩኸት ሲቀር፣
ከሐይቁ በኩል እርጥብ ነፋስ ሲሻገር፣
ስልኬን ከመስኮቱ ደገፍ አድርጌ፣
ኔትወርክ የሚይዝበትን ጥግ ፈልጌ፣
አርባ ሦስት ዓመቴን በጉያዬ ይዤ፣
ከዶክትሬት ደጃፍ ቆምኩኝ ተክዤ።

ሶሲዮሎጂ ነው የማስተምረው፣
ለአንደኛ ዓመት፣ የጧት እንቅልፍ ላልለቀቀው።
አዲስ አበባ ወጥቶ አራት ዓመት መክረም
እናቱ ለታመመችበት ሰው አይሆንም፤
የቤት ኪራይም ሁለት ቦታ አይከፈልም።
ስለዚህ በኢንተርኔት፣ ከዚሁ ከሀዋሳ፣
ማታ ማታ፣ ድስቱ ሲነሣ።

የመጀመሪያው ደጅ ወለል ብሎ ጠበቀኝ፤
ዓርማው አንበሳ ነው፣ ወርቁ ዓይኔን ወጋኝ።
ዘጠኝ ሰዓት ላይ ማመልከቻ ላክሁ፤
ሻዬ ሳይቀዘቅዝ ተቀባይ አገኘሁ።
«እንኳን ደስ ያለዎት! የሕይወት ልምድዎ
ግማሹን ሸፍኗል፤ ስምንት ወር ነው ዕዳዎ።
ዛሬ ከከፈሉ ሠላሳ በመቶ ቅናሽ አለ፤
ነገ ግን ለሌላ ሰው ነው» አለ።
ምን ማጥናት እንደምፈልግ አንድ ቃል አልጠየቀም፤
የስሜን ፊደል ግን ሦስቴ ሳያረጋግጥ አልለቀቀኝም፣
ወረቀቱ ላይ እንዳይሳሳት።

በኛ ፎቅ፣ ሦስተኛው በር፣ አቶ ምንተስኖት
ባለፈው ሚያዝያ «ዶ/ር» ብሎ ለጠፈበት።
የት ተማረ? ማን አማከረው? ምን ጻፈ?
ጠያቂ አልነበረም፤ ኬክ ተቆርሶ አለፈ።
እኔም በልቻለሁ፣ ክሬሙን ልሼ፤
«ዶክተር» ብዬው ወጣሁ፣ አፌን አብሼ።

ቅዳሜ ጧት አሞራ ገደል ወረድኩ፣
ለእናቴ ሾርባ ቆሮሶ ፈለግሁ።
አባኮዳዎቹ ጨጓራ እየጠበቁ ቆመዋል፣
ሌዳሞ ቢላውን ድንጋይ ላይ ይስላል፤
ከፊቱ ሁለት ክምር፣ ሁለቱም ያበራል።
«የትኛው ነው የዛሬ?» አልኩት። «ቅርፊቱን አትዪ፤
ውኃ ከረጩበት ሦስት ቀን ያበራል። ስንጥቡን ገልጠሽ እዪ።»
አውራ ጣቱን ከትቶ ከፈተልኝ፤
አንዱ ደም የመሰለ ቀይ። ሌላው አመድ። ሽታው ደረሰኝ።

ያን ሌሊት ስንጥብ ስገልጥ ነጋ።
ዕውቅና የሰጠው ማነው? ለሰጪውስ ማነው ዋጋ
የሚሰጠው? መምህራኑ በሕይወት አሉ?
ጽፈዋል? የተመረቁትስ ስልክ ያነሣሉ?
እዚህ አገር ማስረጃው ሲመዘን ይቆማል?
አንበሳውን ገለጥኩት፤ አድራሻው የፖስታ ሣጥን ይላል፤
ዕውቅና ሰጪውም ያው ሣጥን፣ ያው ቁጥሩ፣ ያው ቤቱ፤
እንደ ቀበሮዋ፣ ምስክሩ ጅራቱ።

ከአሥራ አንዱ ሦስት ቀረ። አንዱን ደመወዜ አይችለውም።
አንዱ በዓመት ሁለቴ በአካል ነይ ይላል፤ ቪዛ አይሰጠኝም።
የቀረው አንድ ነው፣ ወርቅም አንበሳም የሌለው፣
እንደ ቀበሌ ማስታወቂያ የደረቀ ነው።
ጥናቴን ላክሁለት፦ የዓሣ አጥማጆች ማኅበርና መተማመን።
ሳምንት ሆነ። ወር ሆነ። ዝናቡ ገባ፣ ሐይቁ ሞላብን።
አንበሳው እስካሁን ይጽፋል፤ ቅናሹ ሃምሳ በመቶ ደርሷል።

በዘጠነኛው ሳምንት መልስ መጣ፣
እንኳን ደስ ያለሽ ሳይል፣ ተስፋም ሳያወጣ፤
ሦስት መስመር ብቻ፣ ስሟን መጥራት ካቃተኝ ፕሮፌሰር፦
«ገጽ አራት ላይ ማኅበሩ በእኩል ይካፈላል ብለሻል።
ሚዛኑን የሚይዘው ማነው?
ይህን ሳታውቂ ልንወስን አንችልም።»

አላውቅም።
አሥራ ሁለት ዓመት ዓሣ ገዝቼ፣ የሚዛኑን እጅ አላየሁም።
ተናድጄ ስልኩን በፊቱ ደፋሁት።
ቆይቶ ሳቅ መጣኝ፤ ያንን አውራ ጣት አስታወስኩት።
አሁን የተገለጠው የእኔው ስንጥብ ነው፤
ቀይ ይሁን አመድ፣ ገና ማን ዐወቀው።

ነገ አሥራ አንድ ሰዓት፣ ጀልባዎቹ ሳይመጡ፣
ደብተር ይዤ እወርዳለሁ፣ አሞራዎቹ ሳይቀመጡ።
ክፍሌ ሁለት ተኩል ነው፤ እደርሳለሁ።
ሌዳሞን አልጠይቀውም። ቆሜ አያለሁ፣
ማን እንደሚመዝን፣
ማን ዞር እንደሚል ሲመዘን።